ለወፍ የተመደበ ውሃ

ሽመላዎቹ መጋቢት አሥራ አምስት መሄድ ነበረባቸው። አልሄዱም። በአሥራ ስድስተኛውም ቀን አልሄዱም።

ኤልዳና ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ማማው ላይ ተቀምጣ በመነጽሩ ስታያቸው ዋለች። ሃምሳ ሁለቱም በሰሜኑ ዳርቻ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ወደ መቂ ወንዝ አፍ ቀስረው ይንጎራደዳሉ። ፀሐይዋ መሬቱን ስታግለው አየሩ ከታች ወደ ላይ ይነሳል፤ ሽመላ የሚጠብቀው ይህንን ነው። ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፍበታል፣ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ መንገዱን ይይዛል። ረፋዱ ላይ አየሩ ተነሳ። ሽመላዎቹ ክንፋቸውን ዘረጉ፤ ሮጡ፤ ዘለሉ፤ ወደ አንድ ጎን ተንጋደው ወረዱ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና ተንጋደዱ።

ማስታወሻዋ ላይ «ያለፉ፦ ዜሮ» ብላ ጻፈች።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ሁለት ነው። ከደምበል ሐይቅ የቀረው ሲሶው ነው፤ ማማው ያለበት ደሴትም ደሴት ይባላል እንጂ ከአሥር ዓመት ወዲህ በእግር ይደረስበታል። ሁለቱ ወንዞች፣ መቂና ቀታር፣ በቧንቧ ተይዘው ወደ ከተሞቹ ይሄዳሉ። ለሐይቁ የምትለቀቀው ጥቂት ድርሻ በመዝገብ ላይ «ለወፍ የተመደበ ውሃ» ትባላለች። ለሰው የተመደበ ውሃ ያለው ከተማ ነው፤ የሚታደለውም በካርድ ነው። ደሴቱ ላይ የቀሩት ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ካርድ የላቸውም። የሚጠጡት ከወፎቹ ድርሻ ነው። ይህን የሚፈቅድ ሕግ የለም፤ የሚከለክልም የለም።

ስለዚህ ወፎቹን ያከብራሉ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግራጫ ይለብሳሉ። ውሃ ሲቀዱ አጎንብሰው፣ ሳይቸኩሉ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ ይዛው ወደ ጓዳ ትሮጣለች። የጥር ሠርግ ወደ ሚያዝያ ከተዛወረ አንድ ትውልድ አልፏል፤ ልጆቹ ጥር የሠርግ ወር እንደነበር ሲነገራቸው ይስቃሉ።

ደንቡ አጭር ነው። በጥቅምት ቢያንስ አርባ ሽመላ መምጣት አለበት። በመጋቢት ቢያንስ አርባ ሽመላ በሐይቁ ሰሜን የተተከለውን የነጭ ምሰሶዎች መስመር አልፎ መሄድ አለበት። መጥቶ ያልሄደ ወፍ ፍልሰተኛ አይደለም፤ የቤት ዶሮ ነው። ፍልሰተኛ ወፍ የሌለው ሐይቅ ደግሞ የውሃ ድርሻ የለውም። የመጋቢቱ ቆጠራ የሚዘጋው በሃያኛው ቀን፣ ልክ ቀትር ላይ ነው። ምሰሶዎቹ ላይ የተገጠመው የካሜራ ዓይን ይቆጥራል፤ ኤልዳና ትመሰክራለች። የሁለቱ ቁጥር ካልተስማማ ቆጠራው ውድቅ ይሆናል።

አመሻሹ ላይ ሩሐማ ደወለችላት። ሩሐማ የውሃ ድልድል ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት በጆሮ መስሚያው ውስጥ ተገናኝተዋል እንጂ በዓይን አይተዋወቁም።

«እትዬ ኤልዳና፣ እንዴት ዋሉ? ዛሬም ዜሮ ነው የሚያሳየኝ።»

«ዜሮ ነው።»

«ታመው ይሆን?»

«አልታመሙም። ይበላሉ።»

«አራት ቀን ነው የቀረን» አለች ሩሐማ። «የቀረን» ማለቷ ኤልዳናን ገረማት። «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ድምፃቸው ምን ይመስላል? እዚህ የሚደርሰኝ ምስሉ ብቻ ነው።»

«ድምፅ የላቸውም። መንቁራቸውን ያንቋቋሉ።»

«እንደ ምን?»

ኤልዳና ጥቂት አሰበች። «ሰው የሌለበት ቤት በር በነፋስ ሲመታ እንደሚያሰማው» አለች። መስመሩ ተዘጋ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት አንዱ ሽመላ ወደ ማማው ተጠግቶ ክንፉን ለፀሐይ ዘረጋ። ቀኝ ክንፉ ሙሉ ነው። በግራ ክንፉ ጫፍ ላይ ግን አሥሩ ትላልቅ ጥቁር ላባዎች የሉም። አልተነቀሉም። በመቀስ፣ እኩል፣ በጥንቃቄ ተቆርጠዋል።

የቀሩትን ከግራ ወደ ቀኝ አየቻቸው። ቀጥላም ከቀኝ ወደ ግራ አየቻቸው። ቆጠራ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ይጀምራል፣ ሁለቱም እስኪጽፉ ድረስ አይነጋገሩም። ከቀኝ የሚጀምረው ባሏ ኢዮስያስ ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም በኩል የምትቆጥረው እሷ ናት።

ከግራም ሃምሳ ሁለት። ከቀኝም ሃምሳ ሁለት። ሁሉም ተቆርጠዋል።

ከማማው ወርዳ ጋሽ ዳጊም ጋር ሄደች። ጋሽ ዳጊም የሰባ አንድ ዓመት ዓሣ አጥማጅና የደሴቱ ሽማግሌ ናቸው። በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ከታናሽ እህታቸው ከብሌን ጋር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

«ጋሽ ዳጊም፣ የሽመላዎቹን ክንፍ ማን ነው የቆረጠው?»

ጋሽ ዳጊም ቋጠሮውን አጥብቀው ጨረሱ። «እኛ ነና። በጥር። አሁን ነው የምታዪው? እኛ እኮ አይታ እንዳላየች ያለፈችን ለደግነቷ ነው ብለን ስንመርቅሽ ነበር።»

«ለምን?»

«ለምን ትለኛለች እንዴ! አምና ስንት መጡ? ሰማንያ። ዘንድሮ? ሃምሳ ሁለት። ለከርሞስ? አንዴ ከሄዱ አይመለሱም፤ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚያገኛቸው እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ይቀመጡልን አልን። ቆሮሶ ዓሣውን ከአፋችን ቀንሰን እያበላን አለማመድናቸው፣ ያዝናቸው፣ ቆረጥናቸው። አንዱንም አላደማንም። በመጋቢት ስትቆጥሪ ሃምሳ ሁለት፣ በጥቅምት ስትቆጥሪ ሃምሳ ሁለት።»

ኤልዳና የደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«በመጋቢት የምቆጥረው የሄዱትን ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በጥቅምት የመጡትን፣ በመጋቢት የሄዱትን። መስመሩን አርባ ካላለፈ ውሃው ይዘጋል። ደንቡ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው።»

መረቡ ከጋሽ ዳጊም ጉልበት ላይ ተንሸራተተ። ብሌን አነሳችውና ተናገረች።

«በዓመት ሁለት ጊዜ ማማው ላይ ትወጫለሽ፣ ሁለት ጊዜ መነጽር ትደቅኛለሽ። ከታች ሆኖ የሚያይሽ ሰው የምትቆጥሪው የቆመውን ይሁን የሄደውን በምን ያውቃል? ኢዮስያስ እኮ ይነግረን ነበር።»

ይነግራቸው ነበር። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ ስንት እንደመጣ፣ ስንት እንደሄደ፣ ከቢሮ ምን አዲስ ደንብ እንደወጣ ለሰዉ ሁሉ ይናገር ነበር። ቀልደኞቹ «ሁለተኛው ስብከት» ይሉት ነበር። ኤልዳና ሥራውን ስትረከብ ሪፖርቱን ለቢሮ ብቻ ላከች። እዚያ ብትቆም ሰዎቹ እሷን እያዩ እሱን ያስታውሳሉ፤ ይህን መቻሏን እርግጠኛ አልነበረችም። የዛሬ አራት ዓመት አዲሱ ደንብ ሲደርሳት አነበበችው፣ ፈረመችበት፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። የሚጠይቃት አልነበረም። ጥያቄ ያስፈራት ስለነበር ለዚህ አመስግና ነበር።

«መቼ ይበቅላል?» አሉ ጋሽ ዳጊም።

«የተቆረጠ ላባ አይበቅልም። ጉቶው ረግፎ በምትኩ አዲስ መውጣት አለበት። ክረምቱን ሙሉ ይፈጃል።»

ውሃው ከተዘጋ ሐይቁ ሰኔ ሳይገባ ጭቃ ይሆናል። አውቶቡሶች መጥተው ሰዉን ወደ ሰፈራ ፎቆቹ ይወስዱታል። በፎቆቹ ካርድ የወሰደ ሰው ወደ ተዘጋ ሐይቅ ተመልሶ አይገባም፤ ለተዝካርም ቢሆን አይፈቀድለትም። ኢዮስያስ ያረፈው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ ከደጀ ሰላሙ እስከ እሱ ሠላሳ እርምጃ ነው።

«ላባዎቹን የት ጣላችኋቸው?» አለች።

«ማን ይጥላል!» አለች ብሌን። «ጆንያ ውስጥ ናቸው። ትራስ ላሠራባቸው ነበር።»

ኤልዳና ዩኒቨርሲቲ ሳለች አስተማሪዋ ላባዋ የተሰበረባትን ጭልፊት ሲጠግን አይታለች። የላባ ግንድ ውስጡ ባዶ ነው። ጉቶው ውስጥ ቀጭን ስንጥር ታስገቢያለሽ፣ የተቆረጠውን ላባ በስንጥሩ ላይ ሰክተሽ ታጣብቂዋለሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ እስኪደርቅ ትጠብቂያለሽ፤ አስተማሪው ያለው እንዲህ ነበር። እሷ በእጇ ሠርታው አታውቅም። አሥር ላባ በሃምሳ ሁለት ወፍ አምስት መቶ ሃያ ነው፤ ጊዜው ሁለት ቀን ተኩል። ይህን ስትነግራቸው ጋሽ ዳጊም ተነስተው ሰው ለመጥራት ሄዱ።

ሽመላዎቹ ዓሣ ስለለመዱ ለመያዝ አላስቸገሩም። የምሰሶዎቹ ዓይን የሚያየው ከመስመሩ ወዲህ አምስት መቶ እርምጃ ነው፤ እዚያ ክልል ውስጥ ሰው መግባት ወፉን ከቆጠራ ያሰርዛል። ከዚያ ወዲህ የሚሆነውን ግን አያይም። ወፎቹን አንድ በአንድ እያቀፉ፣ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ደጀ ሰላሙ አመጧቸው። ወንዶቹ ሸምበቆ እየሰነጠቁ እንደ ስንጥር ያቀጥናሉ። ማጣበቂያው ጀልባ የሚደፈንበት ነው። ሴቶቹ ጆንያውን ምንጣፍ ላይ ገልብጠው ላባውን ይለያሉ፤ አሥሩም የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ የአንደኛው በሦስተኛው ቦታ አይገባም። ኤልዳና ርዝመታቸውን በማስመሪያ መለካት ጀምራ ነበር። ብሌን ማስመሪያውን ከእጇ ወሰደችው።

«በዚህማ ፋሲካ ያልፋል። እኔ የዓሣ አጥንት በዓይኔ ስለይ ነው ያደግሁት።» ላባዎቹን እንደ ካርታ ትደረድራቸው ጀመር። «ይህን ሙያ ቀደም ብለሽ ባወጣሽው ኖሮ የባሌን መላጣ ራስ እናለብሰው ነበር። ሽበቱን እንኳ ትቶልኝ አልሄደም።»

ሴቶቹ ድምፃቸውን አፍነው ሳቁ፤ ወፎቹ ገና አልሄዱም። ኤልዳና ቀና ብላ አየቻቸው። ብሌንም ባል ሞቶባታል። ይህን ታውቅ ነበር፤ ደግሞም ረስታው ነበር።

«ይይዛል?» ብሎ የጠየቃት ብዙ ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ፣ ሽመላው ላባውን እስኪቀይር ይይዛል። ይህ ግን በደንብ የተሠራ አልነበረም። ማጣበቂያው ከባድ ነው፤ ሸምበቆው ደረቅ ነው፤ የሠሩት እጆች ሁሉ ጀማሪ ናቸው።

«ከመሬት ያነሳቸዋል» ብላ ትመልሳለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ማታ ላይ ሥራው ቆመ። ከጆንያው ሥር የነበረውን ላባ ብል በልቶት ተገኘ። የተጠገኑት አርባ ሦስት ናቸው። ዘጠኙ እንደተቆረጡ ቀሩ።

በሃያኛው ቀን ሰማዩ ጠራ ብሎ ነጋ። አርባ ሦስቱን በደቡቡ ዳርቻ ለቀቋቸውና ሰዉ ሁሉ ከማማው ሥር ቆመ። ሽመላዎቹ ላባቸውን በመንቁራቸው ደጋግመው ነካኩ፤ አንዳንዱን ላባ ጎተቱት። ቀስ በቀስ፣ እያዘገሙ ወደ ሰሜን ሄዱ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንዱ ሮጦ ተነሳ፤ አልተንጋደደም። ሌሎቹ ተከተሉት። በጋለው አየር ላይ እየተሽከረከሩ ወጡ። ኤልዳና በመነጽሯ ስትከተላቸው ሦስቱ ከሽክርክሩ ተንሸራተው ሸምበቆው ውስጥ ወረዱ። ሌሎቹ ከፍታቸው ከዚህ በፊት ታየው ከነበረው ግማሹን እንኳ ሳይደርስ ፊታቸውን ወደ መስመሩ አዞሩ።

ሲያልፉ ከግራ ቆጠረቻቸው። ከቀኝ ቆጠረቻቸው።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለች ሩሐማ በጆሮዋ። «እርስዎስ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

አርባኛው ከመስመሩ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ወርዶ ነበር። ሣሩ መሃል ቆሞ ግራ ክንፉን አራገፈ። ሁለት ላባ ወደቀ። ሊነሳ ሞከረ፤ ተንጋደደ። ሰዓቱ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ ነው።

«በእግሩ ቢያልፍ ይቆጠራል?» አለች ኤልዳና።

ሩሐማ የሆነ ነገር ስታገላብጥ ተሰማት። «ዓይኑ ሰውነት ነው የሚያየው። ክንፍና እግር አይለይም። ግን እትዬ ኤልዳና፣ ሰው እንዳይጠጋው፤ አንድ ሰው ብቻ ከገባ ያሰርዘዋል።»

ኤልዳና ከማማው ላይ ሆና ይህንኑ ነገረቻቸው። ሁለት መቶ ሰው ከማማው ሥር በሚያልፈው የክልሉ ድንበር ላይ ቆመ። ሽመላ ውሃ ትቶ በእግሩ ርቆ አይሄድም። ይህኛው ግን ጓዶቹ የሄዱበትን አቅጣጫ አየ፤ ቆመ፤ ከዚያ በረጃጅም ቀይ እግሮቹ መራመድ ጀመረ። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ማሰብ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ።

«እሰይ የኔ ጌታ» ይላሉ ጋሽ ዳጊም ከታች በሹክሹክታ። «እሰይ፣ እንደሱ። ቀጥ በል።»

መቶ እርምጃ ሲቀረው ሣሩ ውስጥ አንበጣ አየና ቆመ። አጎነበሰ። ያዘ። ዋጠ። ሌላ ፈለገ።

«ተው አንተ ከሃዲ!» አሉ ጋሽ ዳጊም። «ጾም ነው!»

ከሰዉ መሃል የታፈነ ሳቅ ወጣ፤ ሳቁ አንዲት ሴት ጋ ሲደርስ ልቅሶ ሆነ። ሌላዋ አፏን በእጇ ያዘችላት። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀረ። አንበጣ ሁለት፣ አንበጣ ሦስት። ኤልዳና መነጽሩን እንደያዘች ክርኗን ጉልበቷ ላይ ተከለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንንም፣ ምንም ለምና አታውቅም፤ አሁን ግን ስም የሌለውን ወፍ ከንፈሯ እስኪደርቅ ስትለምን ራሷን ሰማች። ሽመላው ቀና አለ። አሥር እርምጃ ሄደ። ወደ ሐይቁ ዞረ። ደግሞ ወደ ሰሜን ዞረ።

ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው በሁለት ነጭ ምሰሶዎች መካከል አለፈ።

«አርባ!» አለች ሩሐማ። ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ አልነበረም። «አርባ እኮ ነው፣ እትዬ ኤልዳና! ይፈርሙልኝ፣ ቶሎ ይፈርሙልኝ!»

ፈረመች። ከታች እልልታው ፈነዳ። ደወሉን ከብርድ ልብሱ ፈትተው ይደውሉት ጀመር። ኤልዳና መነጽሩን ከመስመሩ ማዶ አሻገረች።

ከምሰሶዎቹ ወዲያ ሐይቁ ድሮ የነበረበት ሜዳ እስከ አድማስ በእርሻ ላስቲክ ቤቶች ተሸፍኗል፤ ጣሪያቸው በቀትር ፀሐይ እንደ ውሃ ያንፀባርቃል። ሽመላዎቹ እዚያ ላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ ጣሪያው ላይ እየተንሸራተቱ ለመቆም ይታገላሉ። አንዳንዶቹ በቤቶቹ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ወድቀው ክንፋቸውን ይጎትታሉ። ሠላሳ ዘጠኙንም አገኘቻቸው። የሚነሳ አልነበረም። አርባኛው በመተላለፊያው ገብቶ በእግሩ ወደ ሰሜን ይሄዳል።

ጋሽ ዳጊም እያለከለኩ ማማው ላይ ወጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«በጥቅምት ይመጣሉ፤ አይደል?»

መነጽሩን ሰጠቻቸው። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ማረፋቸው ነው» አሉ። «ደክሟቸው ነው እንጂ...»

«አይነሱም ጋሽ ዳጊም። ላባው እየለቀቀ ነው።»

«እነዚህ ካልተመለሱስ ሌሎች...»

«የመጡት ሁሉ እነዚህ ነበሩ።»

ጋሽ ዳጊም መነጽሩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ከታች ሰዎቹ ግራጫውን ልብስ እያወለቁ ወደ ላይ ይወረውሩታል። «ለዛሬ ተያቸው» አሉ። «እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ውሃ አለን። ዛሬን ይደሰቱ። ቀስ ብዬ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ መናገር አትወጂም፤ አውቃለሁ።»

«እርስዎ ከነገሯቸው ይቆያል» አለች። «ሲቆይ ምን እንደሚመጣ አይተነዋል።»

መሰላሉን ወረደች። ብሌን ሮጣ አቀፈቻት፤ ሌሎቹም ከበቧት። የጨበጠችውን እጅ ቁጥር አላወቀችውም። እስኪበርድላቸው ጠበቀች። አልበረደላቸውም። ድምፅ ከፍ ማድረግ ጠፍቶባት ስለነበር እንደወትሮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«አርባ አልፈዋል። ከመስመሩ ማዶ ላስቲኩ ላይ ወድቀዋል፤ አይቻቸዋለሁ። በጥቅምት የሚመጣ የለም። ውሃው እስከዚያ ነው።»

ፊት የነበሩት እልልታቸውን አቆሙ። የብሌን እጆች ከትከሻዋ ላይ ሳይነሱ ደረቁ። ከኋላ ያሉት አልሰሙም ነበርና እልልታው ትንሽ ቆየ።